ይሉኝታ የተጫነበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተር አይዋሽም የሚሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው፤ አንዱን በገዛ አንደበቴ ዋሾ እስካደርገው ድረስ። ዋሾ ስላችሁ ደግሞ ሰው የሚያጭበረብር፣ በሐሰት የሚመሰክር ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጨዋ ዋሾ ነበር። ሰው ቤት ሄዶ «ኧረ ምንም አልፈልግ» እንደሚል እንግዳ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አለስልሶ የሚዋሽ። አንገት ቢኖረው ማለቴ ነው።

ነገሩ የመጣው በአጎቴ በአባ ፈንታ ሕመም ነው። አባ ፈንታ አገር ቤት ሳሉ መንደር ከመንደር የሚያስታርቁ፣ እስራኤል መጥተን ናታንያ ከገባን በኋላም ባልና ሚስት በተኳረፉ ቁጥር በራቸው የሚንኳኳ ሽማግሌ ናቸው። ዕብራይስጡ ብዙም አልገባላቸውም፤ በአማርኛ ግን የሚረታቸው አልነበረም። ለመናገር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሕፃን ሳይቀር ጸጥ ይላል። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው አንድ ጧት ስትሮክ የሚሉት በሽታ ቀኝ ጎናቸውን ይዞ አንደበታቸውን የዘጋው። ጆሯቸው ይሰማል፣ ልቡናቸው እንደ ድሮው ነው፣ ግራ እጃቸው ይታዘዛል፤ ቃል ግን አይወጣቸውም። ፊደል ስላልቆጠሩ ጽፎ ማስረዳትም የለም። ዓይናቸው እየተናገረ አፋቸው ዝም ሲል ማየት አንጀት ይበላል፤ ጠይቄያቸው በወጣሁ ቁጥር ደረጃው ላይ ቆም ብዬ አልቅሼ ነበር የምሄደው።

በዚህ ላይ ሌላ ጭንቅ ነበር። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም፤ ባለቤታቸው እትዬ እናኑም ወገባቸውን ያማቸዋል። ሶሲያሊቷ፣ ማለት ከከተማው የተላከችው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ይህን አይታ «ቤት አቮት ይግቡ ወይስ እዚሁ ይቆዩ?» የሚል ጥያቄ አነሣች። ቤት አቮት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለው፤ አማርኛ የሚሰማ ሰው ግን አንድም የለበትም። «እኔም አልወስንም፣ አንተም አትወስንም» አለችኝ። «የሚናገሩበት ነገር ሲገኝ መጥቼ እሳቸውኑ እጠይቃለሁ። እሳቸው ያሉት ይሆናል።» ስለዚህ ለአባ ፈንታ አፍ መፈለግ ግድ ሆነ።

አፉን ያገኘችው ሩቲ ናት። ሩቲ የንግግር ሐኪማቸው ነች፤ ስትራመድም ስትናገርም ትፈጥናለች። አንድ ቀን ወደምትሠራበት የተሐድሶ ማዕከል ጠርታኝ ኮምፒውተር አሳየችኝ። ከፊቱ ሰፋ ያለ ሰሌዳ ተያይዞለታል፤ ሰሌዳው ላይ ስዕሎች አሉ፤ ስዕሉን ሲነኩት ኮምፒውተሩ ቀድሞ የተቀዳለትን ቃል ጮክ ብሎ ይናገራል። ሳህኑን ሲነኩ ‹ርቦኛል›፣ አልጋውን ሲነኩ ‹ደክሞኛል›። ማንበብ አያሻም፤ አንድ ጣት ይበቃል። እውነቴን ነው፣ ሰው ለሰው ብሎ እንዲህ ያለ ነገር ማሰቡ ራሱ ደስ አሰኘኝ። ችግሩ ቃሉ ሁሉ ዕብራይስጥ መሆኑ ነው።

«በአማርኛ አንተ ትቀዳለታለህ» አለችኝ።

ከኔ ሌላስ ማን ሊሆን ነው? እኔ ፖሌግ በሚባል ሰፈር አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ባልዲ የሚያወጣ ማሽን የምጠብቅ ሰው ነኝ። ነገር ግን ከዘመዶቼ ቀደም ብዬ ዕብራይስጥ ስለለመድኩ የቤተሰቡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እኔው ነኝ። የኩፓት ሆሊሙ፣ ማለት የጤና ጣቢያው ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤቱ ስብሰባ፣ ከስልክ ቤቱ ጋር ያለው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም በኔ አፍ ያልፋል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ኩራት ግን አለው።

ሩቲ ማይክሮፎኑን ሰጠችኝና ሳህኑን እያመለከተች «‹ርቦኛል› በልልኝ» አለች።

ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ አሰብኩ። አባ ፈንታ ርቦኛል ሊሉ ነው? በዚህ ዕድሜያቸው? ሰው በተሰበሰበበት? እኚህ ሰው እኮ ሰርግ ቤት ተጠርተው እንኳ ደጋግመው ካልተለመኑ እጃቸውን የማይታጠቡ ናቸው። ኮምፒውተሩ ‹ርቦኛል› ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ምን ይላል? «እናኑ የታመመ ባሏን ታስርበዋለች» አይባልም? አንድ ቃል ተናግሬ ሁለት ሰው ማዋረዴ ነው። ስለዚህ ድምፄን እንደ ሽማግሌ አወፈርኩና «ኧረ እኔስ በልቻለሁ፤ እናንተ ብሉ» ስል ቀዳሁ።

«ዕብራይስጡ ሁለት ቃል ነው፤ አማርኛው ምነው ረዘመ?» አለች ሩቲ።

«ቋንቋችን ሰፊ ነው» አልኳት።

«ቤሴደር»፣ እሺ እንደማለት፣ ብላ ወደ ሽንት ቤቱ ስዕል አለፈች። እዚያ ላይማ ላብ አሰመጠኝ። በመጨረሻ አገር ቤት እንደሚባለው «እስቲ ወጣ ብዬ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» አልኩና ተገላገልኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ይፈስ ጀመር። ፊቱን ያኮሳተረው ሰው ‹አሞኛል› ነው አለች። ከኛ ውስጥ እንዴት ነህ ሲባል አሞኛል ብሎ የሚጀምር ማን ነው? ነፍሱ ልትወጣ አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው እንኳ መጀመሪያ ያመሰግናል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። የአልጋው ስዕል ‹ደክሞኛል፣ ብቻዬን ተዉኝ› ነበር። እንግዳ ፊት እንዲህ ከሚባል ቤቱ ቢፈርስ ይሻላል ብዬ «ኧረ ተጫወቱ፣ ምን አስቸኮላችሁ» በሚል ቀየርኩት። አረንጓዴው ስዕል ‹አዎ› ነው፤ «እናንተ ካላችሁ ይሁን» ሆነ።

የመጨረሻው ቀይ ነበር፤ ‹አይሆንም› የሚባልበት። በሽምግልና ላይ ፊት ለፊት አይሆንም የሚል ሽማግሌ እኔ አይቼ አላውቅም። አባ ፈንታ ራሳቸው የማይሆን ነገር ሲመጣባቸው «እስቲ ይታሰብበት» ነበር የሚሉት፤ እሱን ካሉ ነገሩ እንዳበቃለት አገር ያውቃል። እኔም እንደሳቸው «እስቲ ይታሰብበት» ብዬ ጨረስኩ። ስወጣ የዕውር ዓይን ያበራሁ ነበር የመሰለኝ። ለራሴ ሽልማት መሀል ከተማ ኪካሩ፣ አደባባዩ ላይ ቁጭ ብዬ አይስክሬም በላሁ።

ኮምፒውተሩ እቤት በገባ ጊዜ ሩቲ እትዬ እናኑን በኔ በኩል አጥብቃ አዘዘቻቸው። «ከእንግዲህ መገመት የለም። ምን እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይናገራሉ፤ አንቺ ማሽኑን ስሚ።» እትዬ እናኑ ደግሞ መንግሥት ያመጣውን ነገር የሚያከብሩ ሰው ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የባላቸውን ቅንድብ አይተው ነበር ርሃቡንም ጥማቱንም የሚያውቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅንድቡን ትተው ማሽኑን ማዳመጥ ያዙ።

አባ ፈንታ መጀመሪያ ሳህኑን ነኩ።

«ኧረ እኔስ በልቻለሁ፤ እናንተ ብሉ» አለ ኮምፒውተሩ።

«ምን በሉና ነው?» አሉ እትዬ እናኑ። «ከጧት ጀምሮ እህል የሚባል መቼ ቀመሱ? በሞቴ ትንሽ ይቅመሱ!»

አባ ፈንታ እንደገና ነኩ። «ኧረ እኔስ በልቻለሁ፤ እናንተ ብሉ።» ሰው ሲግደረደር አፉ እምቢ እያለ እጁ ወደ ገበታው ይጠጋል፤ በሦስተኛው ልመና ደግሞ ይረታል። ኮምፒውተር ግን ሲግደረደር እስከ መጨረሻው ነው፤ መረታት የሚባል ነገር አልቀዳሁለትም። እትዬ እናኑ እያዘኑ ሳህኑን አነሡ። አባ ፈንታ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ እኔ ተመለከቱ። ምስጋና መሰለኝና «ኧረ ምን አደረግሁና» አልኳቸው።

ቀጥሎ የነፋሱ ነገር መጣ። የሽንት ቤቱን ስዕል በነኩ ቁጥር እትዬ እናኑ ያቺን የታመመች ወገባቸውን ይዘው ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ መርፔሴቱ ይገፋሉ፤ በረንዳው ላይ አድርገዋቸው «አይ አባ ፈንታ፣ በስተርጅና ነፋስ ወደዱ!» ይላሉ። አባ ፈንታ የባሕሩን ነፋስ እየተቀበሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይቀመጣሉ። መጨረሻው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ልብስ ማጠቢያው ግን ያን ሰሞን እረፍት አላገኘም።

እንግዳውስ? ሰፈሩ ሁሉ ሚጽ ሚጹን፣ ጭማቂውን፣ በጠርሙስ እየያዘ፣ የሚናገረውን ኮምፒውተር፣ ማኽሼቩን፣ ለማየት ይጎርፋል። አባ ፈንታ ሲደክማቸው አልጋውን ይነካሉ። «ኧረ ተጫወቱ፣ ምን አስቸኮላችሁ» ይላል ኮምፒውተሩ። ሊነሣ የነበረው ሰው ተመልሶ ቁጭ ይላል። «አቤት ጨዋነት! አንደበታቸው ተዘግቶ እንኳ እንግዳ አይጠሉም!» እየተባለ ጨዋታው እንደገና ይደራል። አባ ፈንታ አልጋውን ደጋግመው በነኩ መጠን ሰዉ ይበልጥ እየተደላደለ ይሄዳል።

እኔ መጠርጠር የጀመርኩት ክሊኒክ የሄድን ዕለት ነው። ሐኪሙ የቀኝ ትከሻቸውን ሲጫን አባ ፈንታ ፊታቸው ተጨማደደ፤ ይዘን የሄድነው ሰሌዳ ላይ ያለውን ኮስታራ ሰውዬ መቱት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» አለ። «ባሩኽ ሃሼም ነው የሚሉት» አልኩት፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎት የሕመም ማስታገሻውን ቀነሰላቸው። አባ ፈንታ ያን ጊዜ ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ምስጋና እንዳልሆነ ገባኝ።

ታዲያ ለምን ለሩቲ አልነገርካትም ትሉኝ ይሆናል። ልነግራት ሁለቴ ስልክ አንስቻለሁ። ሁለቴም እሷ ቀድማ «ተአምር ሠራን እኮ! ይናገራሉ አሉ!» ብላ ትጮሃለች። እንዲህ የተደሰተ ሰው ላይ ውሃ መቸለስ በኛ ወግ አለ? ይሉኝታ ይሉኝታን ይወልዳል፤ ዘሩ ደግሞ አያልቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላሉ፤ የኔው ቃል አፋፍ ላይ ወጥቶ በየቀኑ ይጮሃል።

ሶሲያሊቷ የምትመጣበት ቀን ደረሰ። ሦስቱን ፎቅ ወጥታ እያለከለከች ገባች፤ ሩቲም አብራት መጣች። አባ ፈንታ ካፖርታቸውን ለብሰው ሰሌዳቸው ፊት ተቀምጠዋል። እትዬ እናኑ ጥግ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«ቤት አቮት ገብተው መኖር ይፈልጋሉ?» አለች ሶሲያሊቷ። ተረጎምኩ።

አባ ፈንታ ጊዜ አልፈጁም። ቀዩን ነኩ።

«እስቲ ይታሰብበት» አለ ኮምፒውተሩ፣ በገዛ ድምፄ።

«ይታሰብበት ነው የሚሉት» አልኩ በዕብራይስጥ።

«ያፌ፣ ጥሩ ነው! ነገሩን አልጠሉትም ማለት ነው» አለች ሶሲያሊቷ። ወደ እትዬ እናኑ ዞረች፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ?» አሉ እትዬ እናኑ ቀና ሳይሉ። «እሳቸው ከወደዱት ይሁን። መንግሥት ያውቃል።»

አባ ፈንታ ቀዩን ደግመው ነኩ። ‹እስቲ ይታሰብበት።› ኮስታራውን ሰውዬ ነኩ። ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።› ግራ ሲገባቸው አልጋውን ነኩ፤ ‹ኧረ ተጫወቱ፣ ምን አስቸኮላችሁ› ሲል ሶሲያሊቷ ስቃ ወንበሯን ሳበች። «ሰላማዊ ሰው ናቸው። ደስ ብሏቸው ይገባሉ» ብላ እስክሪብቶ አወጣች። አባ ፈንታ ይህን ባዩ ጊዜ ቀዩን በጡጫ ይመቱት ጀመር። ‹እስቲ ይታ— እስቲ ይታ— እስቲ—› ይላል ኮምፒውተሩ፤ የሽማግሌው እንባ በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ሬጋ፣ ቆይ!» አለች ሩቲ ብድግ ብላ። አማርኛውን አትሰማም፤ ጣታቸውን ግን እያየች ነበር። «ቀዩን ነው እኮ የሚመቱት። ቀዩ ‹አይሆንም› ነው። ምን ብለህ ነው የቀዳኸው?»

እዚያ ላይ ማምለጫ አልነበረም። ስዕል በስዕል እየጠቆመች ጠየቀችኝ፤ ስዕል በስዕል ተናገርኩ፤ በዕብራይስጥ ለሷ፣ በአማርኛ ለእትዬ እናኑ። ሩቲ በያንዳንዱ ላይ «ማ ፒትኦም!»፣ ምን ሲደረግ፣ እያለች ራሷን ትይዛለች።

«ቆይ፣ ነፋሱ?» አሉ እትዬ እናኑ ቀስ ብለው። «ነፋስ ልቀበል የሚሉት?»

«ሽንታቸው ነበር።»

«ወይኔ! ሰውዬውን በብርድ ፈጀኋቸው!» ብለው ጉንጫቸውን በጥፊ መቱ።

ሩቲ ማይክሮፎኑን ሰክታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አሁን ቅዳ። አጭር፣ ግልጽ። ‹አይሆንም›።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሶሲያሊቷ ቁጭ ብላ እያየችኝ፣ ያውም ሦስት ፎቅ ወጥታ የመጣች ሴት፣ እንዴት ብዬ ነው? «ይቅርታ አድርጉልኝና…» ብዬ ጀመርኩ። ሩቲ አጠፋችው። «ባይሆን ሌላ ጊዜ…» አልኩ። አጠፋችው። «ባላስቸግር…» ስል ማይክሮፎኑን ልትነጥቀኝ እጇን ዘረጋች።

ከሷ የቀደሙት እትዬ እናኑ ናቸው። አቧራ ከመጥረግ በቀር ያን ማሽን ነክተውት አያውቁም። ከጥጋቸው ተነሥተው በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ፣ ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ አሉና፣ ከጋራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ «እምቢ!» አሉ።

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አባ ፈንታ ሶሲያሊቷን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። ሚስታቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ጣታቸውን ቀዩ ላይ አኖሩ።

«እምቢ!» አለ ኮምፒውተሩ፣ በእትዬ እናኑ ድምፅ።

እንደገና ነኩ። «እምቢ!» የሚሠራው ግማሽ ከንፈራቸው ወደ ላይ ተሳበ። ታመው ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እትዬ እናኑ በነጠላቸው ውስጥ ያለቅሳሉ፤ «እኔ እኮ ልሂድ ያሉ መስሎኝ ነው፣ አንቱ! ሰልችተውኝ መስሎኝ ነው!» ይላሉ። ለካ አባ ፈንታም ሸክም ሆንኩባት፣ ደከመችብኝ እያሉ ነበር በቁማቸው የሚያልቁት። የልባቸውን እንዳይነጋገሩ በመካከላቸው የተገተረው የኔ ድምፅ ነው። አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ደግሞ ከአንጀቴ ነው።

«ምን አሉ?» አለች ሶሲያሊቷ።

«ሎ» አልኳት፤ አይሆንም ማለት ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ አጭር ትርጉም ተርጉሜ አላውቅም።

ሶሲያሊቷ እስክሪብቶዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ጧት ጧት እየመጣ የሚያነሣቸውና የሚያጥባቸው ሰው እንደምትልክ፣ ምድር ቤትም እንደምታፈላልግላቸው ነገረችን። ሩቲ የቀረውን ሁሉ እዚያው አስቀዳችኝ፤ ‹ርቦኛል› ስል ጆሮዬ እስኪጋል ድረስ አፈርኩ፣ ግን አልኩት። «‹እምቢ›ንም በወንድ ድምፅ እናስተካክለው» ስትል አባ ፈንታ በግራ ክንዳቸው ሰሌዳውን አቀፉና ቀዩን ነኩ። «እምቢ!» እንዳለ ቀረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባ ፈንታ ግን ከረጅም ዝምታ በኋላ ያገኟትን ቃል አልጠገቧትም። መድኃኒት ሲመጣ እምቢ፣ ሹራብ ሲባል እምቢ፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ ሲባል እምቢ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ሰፈሩ የሚሰማው የእትዬ እናኑን ድምፅ ነው። ማኽሼቩ በሚስታቸው ድምፅ እንደሚናገር ማን ያውቃል? «ሴትዮዋ በታመመ ባሏ ላይ ቀኑን ሙሉ ትጮህበታለች» ተባለ፤ ሽማግሌም ተላከ። ሦስት ሰዎች ከዘራቸውን ይዘው ያን ፎቅ እየቃተቱ ወጡ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ «እናኑ፣ ምነው?» ብለው ጀመሩ። «ሴት የታመመ ባሏን ቀኑን ሙሉ እምቢ ትለዋለች?»

እትዬ እናኑ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ወደ አባ ፈንታ ዞሩ። «ይልቅ እርስዎ፣ እስክትበርድ ድረስ እኔ ዘንድ ይሰንብቱ። መኝታ አለ። ዛሬውኑ ይዘንዎት እንሂድ።»

አባ ፈንታ ወንበራቸውን ወደ ሚስታቸው ጠጋ አድርገው እጃቸውን ወደ ሰሌዳው ዘረጉ።

«እምቢ!»

ሽማግሌዎቹ ዞረው እትዬ እናኑን አዩ። እትዬ እናኑ አፋቸውን በነጠላ ይዘው፣ ትከሻቸው እስኪናጥ ድረስ ይስቃሉ። ደግሞ አባ ፈንታን አዩ፤ በዚያ በግማሽ ከንፈራቸው እሳቸውም ይስቃሉ። ማንኛቸው እንደተናገሩ ሽማግሌዎቹ ለማወቅ ሞክረው አልሆነላቸውም። ታላቁ ከዘራቸውን አነሡ።

«ተነሡ እንሂድ» አሉ። «እዚህ ቤት የሚታረቅ የለም።»